ከታች የሚቆመው፦ በኡሱይ ዳገት ስላገለገሉ ደጋፊ ሎኮሞቲቮች የቀረበ ሐተታ

ሰው ከሠራቸው ማሽኖች አብዛኞቹ የሚመዘኑት ራሳቸው በሚፈጽሙት ሥራ ነው፤ መርከብ ባሕር በመሻገሯ፣ ወፍጮ እህል በመፍጨቱ፣ ባቡርም መንገደኛና ጭነት ካሰቡበት በማድረሱ። ከእነዚህ የሚለዩ ጥቂት ማሽኖች ግን አሉ፤ የራሳቸው የሚሉት ጉዞ የላቸውም፣ የሚያደርሱት የራሳቸው ጭነትም የለም፣ ሕልውናቸውም ትርጉም የሚያገኘው ሌላው ብቻውን ሊወጣው በማይችለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። በባቡር ሥራ ደጋፊ ሎኮሞቲቭ ሊባል የሚገባው መሣሪያ የዚህ ወገን ነው። ሎኮሞቲቭ ሞተሩን የያዘውና ፉርጎዎችን የሚያንቀሳቅሰው የባቡር ክፍል ሲሆን፣ ደጋፊው ደግሞ ከዳገቱ ሥር ሆኖ የሚመጣውን ባቡር የሚጠብቅ፣ ባቡሩ ሲደርስ ተያይዞ የሚገፋ፣ ዳገቱ ሲያልቅም ተፈትቶ ወደ ነበረበት የሚመለስ ነው። ይህ ሐተታ የሚመረምረው በጃፓን አገር በኡሱይ መተላለፊያ እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ድረስ ያገለገሉትን ኢ ኤፍ 63 የተባሉትን የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ሲሆን፣ የሚያነሣው ጥያቄ ግን የምህንድስና ብቻ አይደለም፤ መርዳት ምንድን ነው፣ የሚረዳውስ የት ሊቆም ይገባዋል የሚል ነው።

ኡሱይ የጉንማና የናጋኖ አውራጃዎች የሚዋሰኑበት የተራራ በር ነው። ከጉንማ ተነሥቶ ወደ ጃፓን ባሕር ዳርቻ ይዘልቅ የነበረው የሺንኤትሱ ዋና መስመር ቶኪዮ ካለችበት ከካንቶ ሜዳ ወጥቶ ወደ መካከለኛው ደጋ የሚገባው በዚህ በር በኩል ነበር። ከዳገቱ ሥር ያለችው የዮኮካዋ ጣቢያ ከባሕር ወለል 387 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ከዳገቱ ራስ ያለችው ካሩኢዛዋ ወደ 940 ሜትር ትጠጋለች፤ በሁለቱ መካከል የነበረው የሐዲድ ርዝመት ግን 11.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህም ዳገቱ በጣም በሚቆምበት ክፍል ሐዲዱ በየ1,000 ሜትሩ 66.7 ሜትር፣ ማለትም በየ15 ሜትሩ አንድ ሜትር ይነሣል። ይህ ለእግረኛ ጥቂት ትንፋሽ የሚያሳጥር አቀበት ቢሆንም፣ ለባቡር ግን ከተራ ዳገት የሚቆጠር አይደለም፤ በጃፓን የመንግሥት ባቡር ዋና መስመሮች ሁሉ ከዚህ የባሰ ዳገት አልነበረም።

ምክንያቱን ለመረዳት ባቡርን ባቡር ያደረገውን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለማንቀሳቀስ ጥቂት ኪሎ ግራም የሚያህል ጉልበት ይበቃል፤ ባቡር በአነስተኛ ኃይል ብዙ ጭነት የሚያጓጉዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በኡሱይ ዳገት ላይ ያው አንድ ቶን በራሱ ክብደት ብቻ 66.7 ኪሎ ግራም በሚያህል ጉልበት ወደ ኋላ ይሳባል። ከዚህም በላይ በሜዳ ጉዞውን ያቀለለው ልስላሴ በዳገት ላይ ጠላት ይሆናል፤ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ሰበቃ ትንሽ ስለሆነ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ መንኮራኩሩ በቦታው እየተሽከረከረ ሊቀር ይችላል። አንድ ነገር በአንድ ሁኔታ ላይ በጎ የሆነበት ጠባይ በሌላ ሁኔታ ላይ ድካሙ ይሆናል፤ ዳገት ኃይልን ከመፈተኑ በፊት ይህን እውነት ይገልጣል።

በኡሱይ የመጀመሪያው መፍትሔ በሰበቃ ባለመታመን ላይ የቆመ ነበር። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1891 ተጀምሮ መስመሩ በሚያዝያ ወር 1893 ሲከፈት፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ሦስተኛ ሐዲድ ተዘረጋ፤ ሎኮሞቲቩም ከሥሩ ባለ ጥርስ መንኮራኩር ያንን ሐዲድ እየነከሰ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ዘዴ የስዊሱ መሐንዲስ የካርል ሮማን አብት ፈጠራ ሲሆን፣ በጀርመን አገር በሃርትስ ተራሮች ከተሞከረ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ አጭር ርቀት 26 ዋሻዎች ተቆፈሩ፣ 18 ድልድዮች ተሠሩ፤ ከእነዚህም መካከል ሁለት ሚሊዮን በሚጠጋ ሸክላ ጡብ የተገነባው፣ አራት ቅስት ያለውና 31 ሜትር ከፍታ ያለው ሦስተኛው ድልድይ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በሥራው ከ500 በላይ ሠራተኞች ሕይወታቸውን እንዳጡ ይነገራል። በእንፋሎት ዘመን ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሲሆን፣ በዋሻዎቹ ውስጥ የሚታፈነው የከሰል ጢስ አሽከርካሪዎቹን ራሳቸውን እስኪስቱ ያሠቃያቸው ነበር፤ ጢሱ ባቡሩን ተከትሎ እንዳይወጣም ባቡሩ ከገባ በኋላ የዋሻውን አፍ በመጋረጃ የሚዘጉ ጠባቂዎች ተመድበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ይህ መስመር ከጃፓን የመንግሥት ዋና መስመሮች ሁሉ ቀድሞ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተደረገው ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ልጅ መተንፈስ እንዲችል ጭምር ነው።

ጥርስ ያለው ሐዲድ ዳገቱን በእርግጠኝነት የሚያስወጣ ቢሆንም እጅግ አዝጋሚ ስለነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እየበዛ የመጣውን መንገደኛና ጭነት መሸከም ተሳነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1963 ጥርሱ ተነቅሎ ባቡሩ በሰበቃ ብቻ የሚወጣበት አዲስ ሐዲድ ተከፈተ፤ ለዚሁ ተብለው የተሠሩት ሎኮሞቲቮችም ኢ ኤፍ 63 ናቸው። በጃፓን አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ በሞተር የሚነዱ ስድስት የመንኮራኩር ዘንጎች ያሉት መሆኑን ያመለክታል። ከ1962 እስከ 1976 ድረስ 25 ተሠሩ፤ እያንዳንዳቸው 108 ቶን ይመዝኑ፣ 2,550 ኪሎ ዋትም ያመነጩ ነበር፤ ሥራቸውንም ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠሩ ነበር። ከዮኮካዋና ከካሩኢዛዋ መካከል ካለው ከዚያ አጭር መንገድ ውጪ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። የባቡር ወዳጆች የመተላለፊያው ሼርፓ ይሏቸው ነበር፤ ሼርፓዎች በሂማላያ ተራሮች ተራራ ወጪዎችን የሚመሩና ሸክማቸውን የሚሸከሙ ሕዝቦች ናቸውና ስሙ የሚገባ ነበር።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ከባድ እውነት አለ። ሁለቱ ሎኮሞቲቮች አንድ ላይ 216 ቶን ስለሚመዝኑ፣ ሌላውን ከመግፋታቸው በፊት የራሳቸውን ክብደት ብቻ ወደ ላይ ለማንሣት ከ14 ቶን በላይ የሚያህል ጉልበት ማውጣት ነበረባቸው። ለደጋፊ ማሽን ይህ ክብደት ብክነት ይመስላል፤ መሐንዲሶቹ ቀላል ሎኮሞቲቭ ቢሠሩ ኖሮ ከኃይሉ የሚበዛው ለባቡሩ ይተርፍ ነበር የሚል አሳብም ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን መንኮራኩር ሐዲድን የሚይዘው በተጫነው ክብደት ልክ ስለሆነ፣ ክብደቱ ከቀነሰ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል፤ ሞተሩ ቢበረታም ሥራ ላይ ሊውል አይችልም። በዳገት ላይ የሎኮሞቲቩ ክብደት ወደ ቁልቁለቱ ወገን ስለሚያደላም፣ በላይኛው በኩል ያሉት መንኮራኩሮች እንዳይቀሉ ንድፉ ከመጀመሪያው በዚያ በኩል ክብደት ጨምሮባቸዋል። እንግዲህ ደጋፊውን የሚያደክመው ሸክምና ደጋፊውን ደጋፊ የሚያደርገው አቅም አንድና ያው ነው። ይህ በሰው ሕይወትም የሚሠራ እውነት ነው፤ የራሱ የሚሸከመው ነገር የሌለው ሰው ለሌላው የሚደገፍበት መሬት አያገኝም፣ ኀዘንን የቀመሰ ሰውም ያዘነውን ሊይዝ የሚችለው ኀዘኑ ስለቀለለው ሳይሆን የኀዘኑን ክብደት ይዞ መቆም ስለተማረ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የሚቆሙበት ቦታ ነው። ሁለቱ ኢ ኤፍ 63 ባቡሩ ወደ ላይ ቢወጣም ወደ ታች ቢወርድም ዘወትር የሚያያዙት በዮኮካዋ በኩል፣ ማለትም በቁልቁለቱ ወገን ነበር። ባቡሩ ሲወጣ ከኋላ ሆነው ይገፉታል፤ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ቦታቸውን ሳይለቁ ከፊት ሆነው ይገቱታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሎኮሞቲቮቹ ከላይ ሆነው ቢጎትቱና ማያያዣው ቢበጠስ ፉርጎዎቹ የሚያስቆማቸው ሳይኖር ወደ ገደል ይወርዳሉ፤ ከታች ሆነው ሲገፉ ግን የሚበጠሰው ምንም ይሁን ምን ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። በገደል አፋፍ ጭነት የተጫነ በቅሎ የሚያስወጣ ሰውም ሸክሙ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የሚሮጠው ወደ ልጓሙ ሳይሆን ወደ ጭነቱ ሥር ነው። ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር የእርዳታን ምንነት የሚመለከት ነው፤ የሚረዳው ሰው ተገቢ ቦታ ተረጂው በሚሄድበት አቅጣጫ ሳይሆን ሊወድቅ በሚችልበት አቅጣጫ ነው። ከፊት መሆን ለታይታ ይመቻል፣ መንገድ መሪ ያሰኛል፣ ምስጋናም ያስገኛል፤ ከታች መሆን ግን አደጋው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው።

መገፋት ግን ለሚገፋው ሁልጊዜ በጎ ነው ማለት አይቻልም። ከኋላ የሚመጣው ኃይል ከመጠን ካለፈ፣ በመካከል ያሉት ቀላል ፉርጎዎች እንደ ቀስት ተወጥረው ከሐዲዳቸው ሊነሡ ይችላሉ። ስለዚህም በኡሱይ ለማለፍ የተፈቀደላቸው የመንገደኛ ፉርጎዎች አካላቸውና ማያያዣቸው እንዲጠነክር ተደርጎ፣ ከቁጥራቸው ፊት በጽሕፈታቸው ቀለም የተቀባ ክብ ነጥብ ምልክት ይደረግባቸው ነበር፤ መንገደኛውን ከመንገጫገጭ የሚጠብቀው በአየር የሚነፋ ሱስታቸውም ዳገቱ ላይ ሳሉ እንዲተነፍስ ይደረግ ነበር። በመጀመሪያ በዚህ መልክ ሊገፉ የሚችሉት የራሳቸው ሞተር ያላቸው ባቡሮች ከ8 ፉርጎ መብለጥ አልነበረባቸውም። ከጊዜ በኋላ የተሠሩት 169፣ 489 እና 189 የተባሉት ዓይነቶች ግን የራሳቸውን ሞተሮች ከደጋፊዎቹ ጋር በአንድ ትእዛዝ ማሠራት የሚያስችል ዘዴ ስለተገጠመላቸው 12 ፉርጎ ሆነው መውጣት ቻሉ። ልዩነቱ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። የሚገፋው ባቡር ሞተሩን አጥፍቶ እንደ በድን ሲገፋ ስምንት የነበረው ቁጥር፣ እርሱም በዐቅሙ አብሮ ሲሠራ ወደ ዐሥራ ሁለት ከፍ አለ። ዳገቱ አልተለወጠም፣ ደጋፊዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ተረጂው ወገን በገዛ መውጣቱ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ከዚህ እንደሚታየው እርዳታ ጥገኝነትን የሚወልደው የተረጂውን ሞተር ሲያጠፋ እንጂ ሲያግዘው አይደለም።

በዚህ አብሮ መሥራት ውስጥ ሌላም የሚያስደንቅ ሥርዓት ነበር። ባቡሩ ሲወጣ ኃይሉን የሚቆጣጠረው ከኋላ ባለው ደጋፊ ሎኮሞቲቭ ጋቢና የተቀመጠው አሽከርካሪ ሲሆን፣ ከፊቱ ግን ባቡሩ ሁሉ ስለሚጋርደው መንገዱን አያይም። መንገዱን የሚያየው በባቡሩ ራስ ላይ ያለው አሽከርካሪ ነው፤ እርሱም የምልክቱን መብራት እያየ ለኋለኛው ያስታውቀዋል። አንዱ ያያል ግን አይገፋም፤ ሌላው ይገፋል ግን አያይም። ጃፓናዊው ፈላስፋ ዋትሱጂ ቴትሱሮ (1889–1960) በሥነ ምግባር ላይ በጻፋቸው መጻሕፍት፣ ግብረ ገብን ከብቸኛው ግለሰብ ኅሊና ተነሥቶ መመርመር ስሕተት እንደሆነና የሰው ልጅ ሰው የሚሆነው ከሌሎች ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ እንደሆነ ተከራክሯል። የኡሱይ ሁለት አሽከርካሪዎች ለዚህ አሳብ ተጨባጭ ምሳሌ ይሆናሉ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ብቻውን ባቡሩን ይነዳዋል ሊባል አይችልም፤ ባቡሩን የሚነዳው በመካከላቸው ያለው መተማመን ነው።

ስለ መውጣት ይህን ያህል ከተባለ ስለ መውረድም መነገር አለበት፤ የኢ ኤፍ 63 ዋና ጥበብ ያለው በዚያ ነውና። በአዲሱ ሐዲድ መውጣት 17 ደቂቃ ያህል ሲወስድ መውረድ ግን 24 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። የሚወርድ ባቡር ኃይል አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ገቺ ነው። በተራ ፍሬን ብቻ ሲገታ ደግሞ በመንኮራኩሩ ላይ የሚጫነው ብረት በሰበቃ ግሎ አቅሙን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በኢ ኤፍ 63 ላይ ሲወጣ የሚገፉት ሞተሮች ሲወርድ ወደ ጀነሬተርነት ይለወጡ ነበር፤ የባቡሩ ክብደት እያሽከረከራቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ያም ኤሌክትሪክ ሬዚስተር በሚባሉ ተቋቋሚዎች ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ወደ አየር ይለቀቃል። ከዚህ በተጨማሪ ፍጥነቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ የሚያውቅ መቆጣጠሪያና በኤሌክትሪክ ማግኔት ሐዲዱን የሚይዝ ፍሬን ነበራቸው። የሎኮሞቲቩ ንድፍ ለመግፋት ካሰበው ይልቅ ለመግታት ያሰበው ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ሰዎች ስለ እርዳታ ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚታያቸው መውጣት ነው፤ ተማሪው እንዲመረቅ፣ ነጋዴው እንዲያተርፍ፣ በሽተኛው እንዲነሣ የሚደረግ እገዛ ነው። ይህ ዓይነቱ እርዳታ የሚቆጠር ውጤት አለው፤ ፍጻሜው ይታያል፣ ይመሰገናልም። ነገር ግን ከሰው ልጅ ዕድሜ እኩሌታው መውረድ ነው፤ ጉልበት ይከዳል፣ ሥልጣን ይለቀቃል፣ ሀብት ይቀንሳል፣ ዓይን ይደክማል። በእነዚህ ጊዜያት የሚያስፈልገው ደጋፊ ወደ ላይ የሚገፋ አይደለም፤ ወደ ላይ መግፋትም ከንቱ ነው። የሚያስፈልገው ከፊት ቀድሞ፣ ከታች ሆኖ፣ መውረዱ መውደቅ እንዳይሆን የሚጠብቅ ነው። ይህ እርዳታ የሚቆጠር ውጤት የለውም፤ ውጤቱ አንድ ነገር አለመድረሱ ነውና፣ ስላልደረሰ አደጋ የሚያመሰግን ደግሞ ጥቂት ነው። አዛውንት ወላጆቹን የሚጦር ልጅ፣ መዳን የማይችለውን በሽተኛ የምታስታምም ነርስ፣ በዚህ መዝገብ ላይ ስማቸው ሊጻፍ የሚገባቸው ናቸው።

የዚህ ሥራ አደገኛነት በቃል ብቻ የሚቀር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1975 አራት ሎኮሞቲቮች፣ ሁለት ኢ ኤፍ 63 እና ኢ ኤፍ 62 የተባለ ሌላ ዓይነት ሁለት፣ ባቡር ሳያስከትሉ ተያይዘው ወደ ዮኮካዋ ሲወርዱ ፍጥነታቸው ከቁጥጥር ወጥቶ ከሐዲድ ወጡና ተሰባበሩ፤ አሽከርካሪዎቹም ቆሰሉ። በ1976 የተሠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ኢ ኤፍ 63 የጠፉትን ለመተካት የተሠሩ ናቸው። አደጋው የደረሰው ሌሎችን በሚያወርዱበት ሰዓት ሳይሆን ብቻቸውን በሚወርዱበት ሰዓት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ደጋፊ ራሱ ደጋፊ አያስፈልገውም ብሎ ማሰብ ለማኅበረሰብ እጅግ የቀለለ ስሕተት ነው፤ ሐኪሙ የማይታመም፣ መምህሩ የማይደክም፣ እናት የማትዝል ይመስላል። ከዳገቱ ሥር የሚቆመውም ቢሆን በዚያው ዳገት ላይ ነው ያለው፤ የሌላውን ክብደት የሚስበው ሕግ የእርሱንም ክብደት ይስባል።

የደጋፊነትን ሌላ ገጽታ የሚያሳየው በሂሮሺማ አካባቢ በሳንዮ ዋና መስመር የሚገኘው የሴኖና የሃቺሆንማትሱ ዳገት ነው። ዳገቱ በየ1,000 ሜትሩ 22.6 ሜትር የሚነሣ ስለሆነ ከኡሱይ ጋር ሲነጻጸር የቀለለ ቢሆንም፣ በዚያ የሚያልፉት ረጃጅም የጭነት ባቡሮች ከ1,000 ቶን በላይ ስለሚመዝኑ ከኋላ የሚገፋቸው ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ያገለገሉት ኢ ኤፍ 59 እና ኢ ኤፍ 67 አዲስ የተሠሩ ማሽኖች አልነበሩም፤ የመጀመሪያዎቹ በወጣትነታቸው ፈጣን የመንገደኛ ባቡሮችን ይጎትቱ ከነበሩ አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ ሁለተኛዎቹም ከ1982 ጀምሮ ኢ ኤፍ 60 እና ኢ ኤፍ 65 ከተባሉት ተለውጠው የተሠሩ ናቸው። ረጅሙን መንገድ ሮጠው የጨረሱ ሎኮሞቲቮች በእርጅናቸው በዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ላይ ሌሎችን የሚያሻግሩ ሆኑ። በዚያ መስመር እስከ 2002 ድረስ ሌላ ልማድም ነበር፤ ዳገቱ ሲያልቅ ባቡሩ ሳይቆም፣ በመሮጥ ላይ እንዳለ ማያያዣው ይፈታና ደጋፊው ወደ ኋላ ይቀር ነበር። መያዝን የሚያውቅ ደጋፊ ብዙ ነው፤ ሳያስቆም መልቀቅን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ያለ ጊዜው የለቀቀ ባቡሩን ለዳገቱ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ከጊዜው ያሳለፈ ደግሞ በሜዳው ላይ ሸክም ይሆንበታል።

ወደ ኡሱይ ስንመለስ፣ እርዳታ ጊዜ የሚጠይቅ መሆኑም ይታያል። ባቡሮች ሁሉ ደጋፊ ለማያያዝ በዮኮካዋ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ነበረባቸው። ለፈጣን ባቡር ይህ ኪሳራ ነው፤ ሆኖም በዚያች ትንሽ ጣቢያ ላይ ሕይወት የበቀለው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ኦጊኖያ የተባለው የምግብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 በሸክላ ድስት የተቀመመ ሩዝ መሸጥ ሲጀምር፣ መንገደኞች እየወረዱ የሚገዙት ይህ ትኩስ ምግብ በመላ ጃፓን ስሙ ታወቀ፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስም ሻጮቹ በሰልፍ ቆመው እጅ ይነሡ ነበር። ሰው ብቻውን በማይችልበት ቦታ ላይ ሲቆም፣ ያ መቆም ሌሎችን የሚያገናኝ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1997 አበቃ፤ በማግሥቱ ጥቅምት 1 ከቶኪዮ ወደ ናጋኖ የሚወስደው የሺንካንሰን፣ ማለትም የፈጣን ባቡር መስመር ተከፈተ። አዲሱ መስመር በሌላ አቅጣጫ በረጃጅም ዋሻዎች እየዞረ ዳገቱን በየ1,000 ሜትሩ ወደ 30 ሜትር አቅልሎታል፤ የሺንካንሰን ባቡር ደግሞ አንድ ጎታች የለውም፣ ኃይሉ በፉርጎዎቹ ሥር በተከፋፈሉ ብዙ ሞተሮች ላይ ነው። ይህን መናቅ አይገባም። በአንድ በኩል ሲታይ ደጋፊው አልጠፋም፤ በባቡሩ አካል ሁሉ ተበትኖ ገባ እንጂ፤ ለአንድ ሰው የከበደውን ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚያደርገው የአበው ብሂልም የሚለው ይህንኑ ነው። ሸክሙ ለሁሉ የተከፋፈለበት ሥርዓት፣ ጥቂቶች ከታች ቆመው ሁሉን ከሚሸከሙበት ሥርዓት በብዙ ይሻላል።

ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ የሚሆነው የቀረውም ሲቆጠር ነው። ከዮኮካዋ እስከ ካሩኢዛዋ ያለው አሮጌው ሐዲድ ደጋፊ ሎኮሞቲቮችን ለማቆየት የሚጠይቀው ወጪ ከገቢው በላይ ነው ተብሎ ተዘጋ፤ መስመሩ በዮኮካዋ ላይ ተቆረጠ፣ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል የሚጓዝ ሰውም በአውቶቡስ እንዲሄድ ተደረገ። ሩቅ የሚሄደው መንገደኛ ተጠቀመ፤ ከአንዱ መንደር ወደ ጎረቤቱ መንደር የሚሄደው ግን ባቡሩን አጣ። በዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ የቴክኒክ አይደለም። ደጋፊው በሒሳብ መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ ተጻፈ፤ የመንገዱ መኖር ራሱ ከደጋፊው የተገኘ መሆኑ ግን በየትኛውም ዓምድ ላይ አልተጻፈም። ወጪው በቁጥር ይታያል፤ ያስቻለው ነገር ግን የሁሉም ስለሆነ የማንም ሆኖ ይቀራል።

ማሽን ፈቃድ የለውምና ስለ ግብረ ገብ ሊያስተምር አይችልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ኢ ኤፍ 63 ለመቆም የመረጠው ቦታ የለም። ቦታውን የመረጡለት ግን ሰዎች ናቸው። ማያያዣው ይበጠሳል ብለው አስቀድመው ያሰቡ፣ ከሚገፋው ጉልበት ይልቅ ለሚገታው ፍሬን የተጨነቁ፣ በላይኛው መንኮራኩር ላይ ክብደት የጨመሩ መሐንዲሶችና ይህንን ሥርዓት በየቀኑ የፈጸሙ ሠራተኞች ናቸው። ማሽኑ የእነርሱ ጥንቃቄ በብረት የተጻፈበት ነው፤ መጽሐፍ ፈቃድ ባይኖረውም የጻፈውን ሰው አሳብ እንደሚያስተላልፍ፣ ሎኮሞቲቩም የሠሩትን ሰዎች ፍርድ ያስተላልፋል።

ዛሬ ከእነዚህ ሎኮሞቲቮች ጥቂቶቹ እ.ኤ.አ. በ1999 በዮኮካዋ በተከፈተው የባቡር ቅርስ ስፍራ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ተገቢውን ትምህርት የተከታተለ ጎብኚም በአሮጌው ሐዲድ ቁራጭ ላይ ሊያሽከረክራቸው ይችላል። ቅርስ ሆነው መጠበቃቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ከእነርሱ የሚገኘው ትምህርት ግን ለቅርስ ስፍራ ብቻ የሚተው አይደለም። የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል፣ የማናቸውም ተቋም አስተዳዳሪ ሒሳቡን ሲዘጋ፣ በዳገቱ ላይ ከታች ቆመው የያዙትን ሰዎች ከወጪው ዓምድ አንሥቶ ሥራውን ካስቻለው ዓምድ ላይ ሊጽፋቸው ይገባል። ደጋፊ የማያስፈልገው መንገድ መሥራት ከተቻለ ይሠራ፤ እስኪሠራ ድረስ ግን ዳገት ያለበትን መንገድ ለሕዝብ የከፈተ ሁሉ ከዳገቱ ሥር የሚቆም ደጋፊ የማዘጋጀት፣ ያንንም ደጋፊ የሚይዝ ፍሬን የማበጀት ግዴታ አለበት።